ቅባቱ ቱቦ ሳይገባ፦ ለምግብ ቤት የትኛው የቅባት ማጥመጃ ይሻላል?

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበር። እህቴ የምታስተዳድረው ምግብ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ምስር ሲያወጣ የከረመው ኩሽና በአንድ ቀን ወደ ክትፎ፣ ጥብስና ዶሮ ዞሯል። ሰባት ሰዓት ላይ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ አልወርድ አለ። ትንሽ ቆይቶ የወለሉ ማፍሰሻ ወደ ላይ ይመልስ ጀመር። ሽታው ሳሎን ገባ። ደንበኞች አንድ በአንድ እየተነሱ ወጡ።

የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ የግቢውን ማንሆል ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቱቦው ባለ 110 ሚሊሜትር ፕላስቲክ (ፒቪሲ) ነው። ለውሃ የቀረው ቀዳዳ አውራ ጣት አያስገባም። ሌላው ሁሉ ነጭ ነገር ነው። በጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም፤ በፌሮ ጫፍ ሲፍቁት እንደ ሳሙና እየተላጠ ይወጣል። "እትዬ፣ ይሄ የዛሬ አይደለም" አላት። "የዓመት ነው። ዛሬ ሞላ እንጂ።"

እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ግሪስ ትራፕ፣ ማለትም የቅባት ማጥመጃ፣ ነበረው! ከሲንኩ ስር የተቀመጠ፣ ጥሩ ገንዘብ የወጣበት የብረት ሳጥን። ክዳኑን ስናነሳ እስከ አፉ ረግቷል። ስድስት ወር ማንም አልከፈተውም። ውሃው በረጋው ቅባት መሃል መንገድ አበጅቶ ቀጥ ብሎ ያልፋል። የሸጠላት ሰው እንዴት እንደሚጸዳ አልነገራትም።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ወዳጆቼ ማጥመጃ መርጫለሁ፤ አንዳንዱንም አስገንብቻለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ "የትኛው ጥሩ ነው?" ብሎ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ "ክዳኑን ማን ነው የሚከፍተው?" እላለሁ። መልሱ ካልታወቀ የትኛውንም ብትገዙ ገንዘባችሁ ቱቦ ውስጥ ይገባል።

ቅባት ቱቦ ውስጥ ምን ይሆናል?

ቅባት ከውሃ ይቀላል። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው። ውሃው ረጋ ሲል ቅባቱ ይንሳፈፋል። አብዛኛው ማጥመጃ የሚሠራው በዚህ ነው። ውሃውን ያዘገየዋል፣ ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከመሃል ያለው ውሃ ይሄዳል፣ ፍርፋሪው ታች ይዘቅጣል።

ግን ሁሉም ቅባት አንድ አይደለም። የኑግ ዘይት ሲቀዘቅዝም ፈሳሽ ነው። ቅቤ ግን ከ35 ዲግሪ በታች ይረጋል። የሚረጋ ዘይት የምንለው ፓልምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የበሬ ሞራ ደግሞ ለመቅለጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የክትፎ ጣባ በሙቅ ውሃ ስታጥቡ ቅቤው ሲንኩ ላይ ይቀልጣል፤ ጥቂት ሜትር ሄዶ ቱቦው ሲቀዘቅዝበት ይረጋል። እናንተ ጋ የለም፤ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ ግን አለ።

ቆይቶ ደግሞ ይባስ ይጠነክራል። ቅባቱ ሲፈራርስ የሚወጣው አሲድ ከካልሲየም ጋር ተገናኝቶ ሳሙና ይሆናል። ካልሲየሙ ከውሃውም ከኮንክሪቱም ይመጣል። ያ ነጭ ነገር ሳሙና የመሰለን በእርግጥም ሳሙና ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ፣ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ስር የተገኘው የረጋ ቅባት 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው። ሠራተኞች በከፍተኛ ግፊት ውሃና በአካፋ እየቆራረጡ ለማውጣት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ከመምረጣችሁ በፊት የምትመልሷቸው ጥያቄዎች

*ክዳኑን ማን ይከፍታል?* ስሙን ጥሩ። "ልጆቹ ያጸዱታል" መልስ አይደለም። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ማን እንደሚተካውም ይወሰን።

*በአንድ ጊዜ ስንት ውሃ ይወርዳል?* በቀን ስንት ሊትር እንደምትጠቀሙ ብቻ አይደለም ጥያቄው። ፍጥነቱ ነው። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ በምሳሌ ላሳይ። ሁለት ሲንክ አላችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ 50 በ40 በ30 ሳንቲሜትር። አንዱ 60 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ 120። ዕቃው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ሦስት አራተኛውን ውሰዱ፤ 90 ሊትር። መድፈኛው ተነቅሎ በአንድ ደቂቃ ከወረደ ማጥመጃው በደቂቃ 90 ሊትር መቻል አለበት። በሁለት ደቂቃ ከሆነ 45። ስለዚህ ሻጩን "ስንት ሊትር ይይዛል?" ብቻ አትበሉት። "በደቂቃ ስንት ሊትር ያሳልፋል?" በሉት። መመለስ ካልቻለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

እኛ አገር ደግሞ ሳፋ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ኩሽና ከሮቶ እየቀዳ በሳፋ ያጥባል። ሲጨርስ ሳፋውን አንዴ ይደፋዋል። 40 ሊትር ሳፋ በግማሽ ደቂቃ ሲወርድ በደቂቃ 80 ሊትር ነው። ሁለት ሰው አብሮ ሲደፋ 160። ትንሽ ሳጥን ይህን አይችልም። የረጋው ቅባት ይናወጥና አብሮ ይሄዳል።

*የምትለኩት በየትኛው ወር ነው?* በሁዳዴ የምትገነቡ ከሆነ ኩሽናችሁን አይታችሁ አትወስኑ። የጾም ምግብ ቅባት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ዘይቱ አለ። ግን ቅቤና ሞራ የለም። ለፋሲካ ሳምንት፣ ለገናና ለሠርግ ወቅት የሚበቃ ገንቡ።

*ቦታውስ? ቤቱ የማነው?* ለሁለት ዓመት የተከራያችሁት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ጉድጓድ ማስቆፈር አትችሉም፤ ብትችሉም ለአከራይ ነው የምትሠሩት። ተነቅሎ አብሯችሁ የሚሄድ ነገር ይሻላል። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ቱቦው የጎረቤትም ስለሆነ የእናንተ ቅባት የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊወጣ ይችላል።

*ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው?* ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ቤት አንድ ነገር ነው። ሴፕቲክ ታንክ ያለው ሌላ ነው። ቅባት ሴፕቲኩን አልፎ ውሃው ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ጉድጓድ ከደረሰ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ያኔ ፍሳሽ መጣጭ መኪና በየወሩ ብትጠሩም ጉድጓዱ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ወደ ጎርፍ ቦይ መልቀቅ ደግሞ ምርጫ ውስጥ አይገባም። ቦዩ ቀበና ወይም ባንተይቀጡ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይከለክለዋል። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ አውጥታለች፤ ደንብ አስከባሪዎች የሚቀጡበት ይሄው ነው። ከወንዙ በታች ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ ጎመን ያጠጣል። ጎመኑ ተመልሶ ወደ ኩሽናችን ይመጣል።

*መብራት ሲጠፋስ? መለዋወጫውስ?* እነዚህ ሁለቱ ቅባት የሚለይ ማሽን (አማራጭ አምስት) ለምታስቡ ናቸው።

አማራጭ አንድ፦ ሙቅ ውሃና ሶዳ

እዚህ ያስገባሁት ብዙ ቤት የሚያደርገው ይህንን ስለሆነ ነው። ሙቅ ውሃው ችግሩን አይፈታም፤ ወደ ፊት ይገፋዋል። ኮስቲክ ሶዳው ደግሞ ከቅባት ጋር ሳሙና ይሠራል። ከሞራና ከሶዳ ሳሙና እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ቱቦው ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። የተወሰነው ይታጠባል፤ የተወሰነው ከካልሲየም ጋር ጠንክሮ ይቀራል። ሶዳው ሲበዛ ይፈላል፤ ፒቪሲውን ያዳክማል፤ ዓይን ከነካ ያጠፋል።

ቱቦ መክፈቻ አሲድ አፍስሳችሁ በላዩ በረኪና አትጨምሩ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ሰው ይገድላል።

በየወሩ ለሶዳ፣ ለቧንቧ ሠራተኛና ለተዘጋ ቀን የሚወጣውን ደምሩት። "ነጻ" ያላችሁት አማራጭ ከሁሉም ውድ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አማራጭ ሁለት፦ ሲንኩ ሳይደርስ መያዝ

ይሄ ወጪው ኢምንት ነው። ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደርም አይደለም፤ የሁሉም መሠረት ነው። ዕቃ ከመታጠቡ በፊት ይጠረጋል። የቀረው ወጥ፣ ሞራና የእንጀራ ፍርፋሪ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ድስትና መጥበሻው በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይወለወላል። ሲንኩ ላይ ጥሩ ወንፊት ይቀመጣል። የቡና ዝቃጭና የሊጥ እጣቢ ቅባት ባይሆኑም ታች ዘቅጠው የማጥመጃውን ቦታ ስለሚበሉ እነሱም አይደፉ።

በአንድ ወዳጄ ክትፎ ቤት ያየሁት ቀላል ነገር አለ። ዕቃ አጣቢዋ ከሲንኩ በስተግራ ባልዲ አላት፤ ባልዲው አፍ ላይ ቁራጭ ጎማ ታስሯል። ጣባውን ጎማው ላይ አንዴ ትስበዋለች። ቅቤው ባልዲ ውስጥ ይቀራል። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ በፊት ማጥመጃቸው በየሳምንቱ ይጸዳ ነበር፤ አሁን ሁለት ሳምንት ይቆይላቸዋል።

የተጠበሰበት ዘይት ለብቻው ነው። ቀዝቅዞ በጄሪካን ይቀመጥ። ለሳሙና የሚገዙ ሰዎች አሉ። ብቻ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚያደርግበት እወቁ። የተቃጠለ ዘይት ተመልሶ ምግብ ላይ የሚውልበት እጅ ውስጥ እንዳይገባ።

አማራጭ ሦስት፦ ከሲንክ ስር የሚቀመጥ ሳጥን

ከፕላስቲክ ወይም ከስቴንለስ የተሠራ ነው። ውስጡ መከፋፈያ አለው፤ አንዳንዱ የፍርፋሪ ወንፊትም አለው። የአገር ውስጥ ብረት ሠሪዎችም ይሠሩታል። ተነቅሎ ይሄዳል፤ ለተከራይ ይስማማል።

ድክመቱ ትንሽነቱ ነው። አብዝታችሁ የምትሠሩት ሥጋና ቅቤ ከሆነ በየሦስት አራት ቀኑ ይከፈታል። ክዳኑ ቦሎን የበዛበትን አትግዙ፤ ለመክፈት ቁልፍ የሚፈለግ ከሆነ አይከፈትም። ሲንክ ስር ገብቶ ክዳኑን ሙሉ ለማንሳት ቦታ መኖሩን ለኩ። የእህቴ ሳጥን ከላዩ የሲፎኑ ቱቦ ያልፍ ነበር፤ ክዳኑ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚነሳው። አለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

መግቢያው ላይ ፍሰት መቆጣጠሪያ ይኑረው። ቀዳዳዋ ጠባብ የሆነች ቀላል ዕቃ ናት፤ ውሃው ከሳጥኑ አቅም በላይ እንዳይገባ ትይዛለች። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ግን ከዚህ ሳጥን ጋር አታገናኙ። የማሽኑ ውሃ በጣም ሙቅ ነው፤ የረጋውን ሁሉ አቅልጦ ይዞት ይሄዳል።

የማጽዳት ዘዴው እንዲህ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ቅባቱ ቀዝቅዞ እንደረጋ ይከፈት። የላዩ በጠፍጣፋ ጭልፋ ይነሳ። ግድግዳው ይፋቅ። ከታች የዘቀጠው ይውጣ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ይሞላ። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ባዶ ሳጥን ውስጥ የሚገባ የመጀመሪያ ቅባት የሚንሳፈፍበት ውሃ ስለሌለ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

የወጣው ቅባት ማንሆል ውስጥ አይደፋም። ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ፣ በድርብ ፌስታል ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ።

አማራጭ አራት፦ ግቢ ውስጥ የሚገነባ ጉድጓድ

ቦታና የራሳችሁ ቤት ካላችሁ፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። በብሎኬት ወይም በኮንክሪት ይሠራል። መብራት አይፈልግም። ሳፋውንም ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑንም ይችላል። ውሃው ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

መጠኑን ለማወቅ የቆየ ስሌት አለ። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ የሚል ነው። በደቂቃ 45 ሊትር ከሆነ በ30 ስታባዙት 1,350 ሊትር ነው። ውስጡ 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲሜትር ስፋትና 1 ሜትር የውሃ ጥልቀት ይኖረዋል ማለት ነው።

አሁን ግንበኛው ሥራውን ሲጀምር አጠገቡ ቁሙ። ያየኋቸው የተበላሹ ጉድጓዶች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ነው የተበላሹት። ግንበኛው የመግቢያውንና የመውጫውን ቱቦ ከላይ ትይዩ አድርጎ ይገጥማቸዋል፤ በቃ። ቅባቱ ከላይ ይገባል፣ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከላይ ይወጣል። ያ ማጥመጃ አይደለም፤ ክዳን ያለው ጉድጓድ ነው።

በትክክለኛው አሠራር ሁለቱም ቱቦ ጫፍ ላይ የቲ (T) ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ ይደረጋል። የቲው አንዱ እጅ ወደ ታች ውሃው ውስጥ ይገባል። የመውጫው እጅ ወደ ወለሉ ቀረብ ብሎ፣ ከታች 30 ሳንቲሜትር ያህል ሲቀረው ይቁም። ንጹሑ ውሃ ያለው ከቅባቱ በታች፣ ከዝቃጩ በላይ ስለሆነ ነው። መሃል ላይ ግድግዳ ይገንባ፤ ውሃው ከግድግዳው ከላይ ሳይሆን ከታች ባለ ክፍተት ይለፍ። መውጫው ከመግቢያው 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ከኩሽናው የሚመጣው ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ይዘቅዝቅ፤ አጭርም ይሁን፤ ረጅም ከሆነ ቅባቱ ጉድጓዱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይረጋል። ልስኑ ውሃ የማያስገባ ይሁን፤ ቅባቱ ሲፈራርስ አሲድ ስለሚያወጣ ስስ ልስን ይበላል። ሥራው ሲያልቅ በውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን ተዉት። ዝቅ ካለ ሒሳቡን አትክፈሉ።

ሽንት ቤት ከዚህ ጋር በፍጹም አይገናኝ።

ክዳኑ ከአንድ በላይ ይሁን፤ በየቲው አናት አንዳንድ። ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን። ኮንክሪት ክዳን አድርጎ በላዩ ሴራሚክ ያነጠፈ ቤት አውቃለሁ። ግቢው ያምራል፤ ጉድጓዱ ከተሠራ ጀምሮ አልተከፈተም።

መቼ እንደሚጸዳ በልኬት እወቁ። የላዩ ቅባትና የታቹ ዝቃጭ ተደምረው የጥልቀቱን ሩብ ከያዙ ጊዜው ደርሷል። 1 ሜትር ውሃ ካለው፣ 25 ሳንቲሜትር። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚያስገድዱት ይህንኑ ሩብ ነው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 1825 ደግሞ ቢያንስ በወር አንዴ፣ ቢቻል በየ15 ቀኑ ይላል። በረጅም ዘንግ ለኩ፤ ቀኑን ከክዳኑ አቅራቢያ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ደብተር ጻፉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ለማጽዳት ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ። ከታች ከተጠራቀመው ጋዝ አንድ ትንፋሽ ሰውን ለመጣል ይበቃል። አንዱ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው ይወድቃል። ከውጭ ሆኖ በመጣጭ መኪና ወይም በረጅም እጀታ ይጸዳ።

አማራጭ አምስት፦ ራሱ የሚለይ ማሽን

ሳጥን ነው፤ ግን ማሞቂያና የሚዞር ጎማ አለው። በተወሰነ ሰዓት ቅባቱን ያቀልጠዋል፤ ጎማው ዘይቱን እየላሰ ጎን ባለ ዕቃ ውስጥ ያንጠባጥባል። የሆቴል ኩሽናና የገበያ ማዕከል ምግብ አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ቦታ ለሌለውና ቅባቱ ለበዛ ቤት መፍትሔ ነው።

ዋጋው ከፍተኛ ነው። መብራት ይፈልጋል፤ በጄኔሬተር መስመር ላይ መግባቱን አረጋግጡ። መለዋወጫው አገር ውስጥ ከሌለ አንድ የተበላሸ ማሞቂያ ውዱን ማሽን ተራ ሳጥን ያደርገዋል። የፍርፋሪ ወንፊቱ ደግሞ ራሱን አያጸዳም፤ በየቀኑ ሰው ይፈልጋል።

አማራጭ ስድስት፦ ባክቴሪያና ኢንዛይም

እዚህ ላይ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ይሸጣል። አንዱ በእርግጥ ቅባት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ለብ ያለ ውሃ ይፈልጋሉ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ይጨመራሉ። በረኪናና የፈላ ውሃ ይገድላቸዋል። ሌላው ቅባቱን በታትኖ ከውሃ ጋር የሚያስኬድ ነው። ማጥመጃችሁ ንጹሕ ይመስላል፤ ቅባቱ ግን ወደ ታች ሄዶ ተመልሶ ይሰበሰባል። ችግሩን ለጎረቤት ወይም ለሴፕቲካችሁ አስተላለፋችሁት ማለት ነው።

የባክቴሪያ ስም ካልተጻፈበት፣ አረፋ ከበዛበትና "ማጽዳት አያስፈልግም" ከሚል ተጠንቀቁ። ጥሩውም ቢሆን ከጉድጓድ ወይም ከሳጥን ጋር ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ጎን ለጎን ስናያቸው

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | ቀጣይ ወጪ | ቦታ | መብራት | ድንገተኛ ውሃ ይችላል? | የማጽጃ ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሙቅ ውሃና ሶዳ | የለም | ከፍተኛ | የለም | አይፈልግም | አይችልም | ሲዘጋ |
| ጠርጎና ወልውሎ ማጠብ | ኢምንት | ኢምንት | አንድ ባልዲ | አይፈልግም | አይመለከተውም | በየቀኑ |
| የሲንክ ስር ሳጥን | መካከለኛ | ዝቅተኛ፣ ጉልበት ይበዛዋል | ጥቂት | አይፈልግም | በጥቂቱ | ከ3 ቀን እስከ ሳምንት |
| የግቢ ጉድጓድ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | የመጣጭ መኪና | ሰፊ | አይፈልግም | በደንብ | ከ15 ቀን እስከ ወር |
| ራሱ የሚለይ ማሽን | በጣም ከፍተኛ | መብራትና መለዋወጫ | ጥቂት | ይፈልጋል | እንደ መጠኑ | ወንፊቱ በየቀኑ |
| ባክቴሪያ | ዝቅተኛ | በየወሩ | የለም | አብዛኛው አይፈልግም | አይመለከተውም | ምትክ አይደለም |

ለእናንተ የትኛው?

ሳምቡሳ፣ ቺፕስና ቦምቦሊኖ የምትሸጡ ከሆነ ችግራችሁ የጄሪካኑ ዘይት ነው። እሱን በደንብ ከያዛችሁና መጥበሻውን ከወለወላችሁ ትንሽ የሲንክ ስር ሳጥን ይበቃል። ገንዘብ ከሌለ በባልዲውና በወንፊቱ ዛሬውኑ ጀምሩ።

ኮንዶሚኒየም ስር የተከራያችሁ ቁርስና ምሳ ቤቶች፣ ሁለት ሲንክ ካላችሁ ለየብቻ ሁለት ትንንሽ ሳጥን አድርጉ። አንዱ ሲጸዳ ሌላው ይሠራል። ሳፋ የሚደፋበት ሲንክ አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱ ላይ ትልቁ ይቀመጥ።

ክትፎ ቤት፣ ሥጋ ቤትና ግቢ ያለው ሆቴል ምንም ሳያመነቱ ጉድጓዱን ይገንቡ። በጀቱ በአንዴ ካልሞላ ከጌጡ ቀንሱ፣ ከመጠኑ ግን አትቀንሱ። ሥጋ ቤት የሞራ ቁርጥራጩን በወንፊት ሳይለይ አይልቀቅ። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ደግሞ ጉድጓዱን አድርጋችሁ ባክቴሪያውን ብትጨምሩበት ጥቅም አለው።

ፎቅ ላይ ያለ ትልቅ ኩሽና፣ ጥገና ክፍልና ጄኔሬተር ካለው፣ ማሽኑን ያስብ። ጥገና ክፍል ከሌለው አያስብ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግና በዚያ አካባቢ ምግብ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ወገኖቼ፣ እዚያ ነገሩ በምርጫ ብቻ አይደለም። የአካባቢው የውሃና ፍሳሽ ተቋም የምግብ ቤቶችን ቅባት የሚቆጣጠርበት ፈቃድ አለው። የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱ ማጥመጃ እንዳለው፣ መጠኑን፣ የጽዳት መዝገቡን ጠይቁ። ቀድሞ ሳንድዊች ይሸጥበት የነበረ ቤት ላይ ያለው ማጥመጃ ለጥብስና ለዶሮ ወጥ ላይበቃ ይችላል። በኋላ መቀየሩ ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው።

የእህቴ ቤት አሁን ጉድጓድ አለው። አከራይዋን አስፈቅዳ፣ ወጪውን ከኪራይ ላይ እንዲታሰብላት ተስማምታ ነው ያስገነባችው። ደብተሩ ከኩሽናው በር ጀርባ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ያየሁት የመጨረሻ መስመር "ቅባት 14፣ ዝቃጭ 6" ይላል። ሃያ ሳንቲሜትር ደርሷል። ለመጣጭ መኪናው ለማክሰኞ ጠዋት ደውላለች።